«እንስሳ ካለ አላከራይም»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ድመት ወይም ውሻ ይዞ ቤት ስለመከራየት የሚጠይቁ ናቸው። አምስቱን መርጠን መልሰናል። አንደኛው ከአከራይ የመጣ ነው፤ ተከራዮችም እንዲያነቡት እንመክራለን።

ጥያቄ፦ ሁለት ድመቶች አሉኝ። ቤት አይቼ፣ በዋጋ ተስማምቼ፣ ውል ልንፈርም ስንል ስለ ድመቶቹ ስናገር ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። «ንጹሕ ናቸው፣ አያስቸግሩም» ብል የሚሰማኝ የለም። የሚያውቁኝ ሰዎች «ዝም ብለሽ ግቢ፣ በኋላ ይለመዳል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዝም ብለው አይግቡ። ድመት መስኮት ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፤ የምትጸዳዳበት አሸዋ ከረጢት በደረጃ ይወጣል ይወርዳል፤ ጎረቤት ያያል። የታወቀ ዕለት አከራዩ የሚቆጣው በድመቷ ብቻ ሳይሆን በመታለሉም ጭምር ነው። ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ እንኳ ጠርተው ለማሳየት ይሳቀቃሉ። ውሉ እንስሳ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ውል አፍራሿ እርስዎ ነዎት።

«ንጹሕ ናቸው» የሚለው ቃል የማይሰማው አከራዩ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። እሱ የሚያሰላው እርስዎ ከወጡ በኋላ የሚጠብቀውን ነው። ሽንት ምንጣፉን አልፎ ሲሚንቶው ውስጥ ከገባ ማጠብ አይበቃውም፤ ወለል እስከ ማስነሣት ይደርሳል። ከድመት ምራቅና ቆዳ የሚወጣው አለርጂ የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ድመቷ ከሄደች በኋላም በምንጣፍና በመጋረጃ ላይ ለወራት ይቆያል፤ ቀጣዩ ተከራይ አስም ካለበት ቤቱ አይሆነውም። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ደግሞ ቤቱ ባዶ በሆነበት፣ ኪራይ በማይገባበት ወር ነው። የጥገናው ወጪና የታጣው ኪራይ በአንድ ላይ ሲመጡ የአንድ ወር መያዣ አይሸፍናቸውም። አንድ ጊዜ የደረሰበት አከራይ በሁለተኛው ጊዜ ቃል ብቻ ሰምቶ አያምንም።

ስለዚህ ከቃል ይልቅ ወረቀት ይያዙ። በአንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዷን ድመት ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የመከነችበትን ወይም የተኮላሸበትን ቀን፣ ክትባቷንና የመጨረሻውን የቁንጫ መድኃኒት የወሰደችበትን ቀን ይጻፉ። እርስዎ ከቤት ሲርቁ ማን እንደሚመግባቸውም ይጨምሩ። ከሁሉም የሚበልጠው የቀድሞው አከራይ ደብዳቤ ነው። «ጥሩ ሰው ናት» የሚል ደብዳቤ አይረዳዎትም። «2 ዓመት ከሁለት ድመቶች ጋር ኖራለች፤ ስትወጣ በርና ወለል አልተጎዳም፤ መያዣዋ ሙሉውን ተመልሷል» የሚል ግን ሚዛን ይደፋል። ከቻሉ አከራዩን አሁን ወደሚኖሩበት ቤት ይጋብዙት። ገብቶ በአፍንጫው ካረጋገጠና የበሩን መቃን ደህና ሆኖ ካየው ግማሹ ሥራ አልቋል።

መቃኑ ደህና እንዲሆን ደግሞ መቧጠጫ ምሰሶ ያስፈልጋል። ድመቷ ቆማ ሙሉ በሙሉ ልትንጠራራበት የምትችለው፣ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በቃጫ ገመድ የተጠቀለለና ስትስበው የማይወዛወዝ ይሁን። ብዙ ሰው ምሰሶውን ከዓይን በራቀ ጥግ ያቆመውና «አልተጠቀመችበትም» ይላል። መቆም ያለበት አሁን በምትቧጥጠው በር ወይም ሶፋ አጠገብ ነው።

ስለ ድመቶቹ የሚናገሩበት ጊዜም ለውጥ ያመጣል። ውል ሊፈረም ሲል የተነገረ ነገር የተደበቀ ይመስላል። ቤቱን አይተው እንደወደዱት፣ ዋጋ ከመነሣቱ በፊት፣ ወረቀቱን በእጅዎ ይዘው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ከ2 ወር በኋላ ቤት አስረክባለሁ። ድመቴ አንድ ጥግ ላይ ደጋግሞ ሸንቷል። በበረኪና አጥቤዋለሁ፤ ደረቅ ቀን ደህና ይመስልና አየሩ ሲረጥብ ሽታው እንደ አዲስ ይነሣል። ለምን?

መልስ፦ በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ግን ሽታውን ይለቃል። የእርስዎ ማጠብ ያስወገደው ሌላውን ክፍል ነው፤ ክሪስታሉ እዚያው አለ።

በረኪናውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ያለባቸውን ማጽጃዎችም አይጠቀሙ፤ ድመቱ ሽታቸውን ከሽንት አይለይም፣ እዚያው ተመልሶ ይሸናል። የእንፋሎት ማሽን ደግሞ በሙቀቱ ሽታውን ከምንጣፉ ክር ጋር ያጣብቀዋል።

የሚሠራው ሽንቱን የሚሰባብር ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቦታውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ሌሊት መብራት አጥፍተው ከ365 እስከ 395 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ወለሉንና የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ይፈትሹ፤ የደረቀ ሽንት ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይታያል። የሳሙና ቅሪትም ስለሚያበራ በአፍንጫዎ ያረጋግጡና በጠመኔ ዙሪያውን ያስምሩ። ቀድሞ የተጠቀሙት በረኪናና ሳሙና ኤንዛይሙን ስለሚያከሽፈው ቦታውን በንጹሕ ውኃ ብቻ ደጋግመው ያጥቡ፤ ይድረቅ። ከዚያ ማጽጃውን በማይታይ ቦታ ሞክረው ቀለም እንደማያስለቅቅ ሲያዩ፣ ከምልክቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አልፈው ያፍስሱ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ላዩን ረጨት አድርጎ በጨርቅ ያብሳል። ፈሳሹ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ መድረስና እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በፕላስቲክ ሸፍነው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ ገልጠው በአየር ይድረቅ። ቆየት ላለ ሽንት 2 ወይም 3 ጊዜ መድገም የተለመደ ነው።

ይህም ካልበቃ ሽንቱ ወርዷል ማለት ነው። ከምንጣፍ ሥር ያለው ስፖንጅ ከላይ ከሚታየው በላይ ሰፍቶ ይጠጣል፤ ቆርጦ መቀየር ከማጠብ ይቀላል። የግድግዳው ዞኮሎ (በግድግዳው ታች የሚዞረው ጠባብ ክፈፍ) ከኋላው ሽንት ይይዛልና ይነቀል። የጠቆረ የእንጨት ወለል ግን ቀለሙ በእንጨቱ ውስጥ ስለገባ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግም አይለቅም፤ ጣውላው ይቀየራል። ሲሚንቶ ከሆነ በኤንዛይም ታጥቦ ለጥቂት ቀናት ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በሼላክ (ከነፍሳት በሚገኝ ሙጫ) የተሠራ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ፣ ሁለት ጊዜ ይቀባ። ተራ የውኃ ቀለም ሽታውን አያግደውም።

ምክንያቱ ካልተገኘ ግን አዲሱ ቤት ውስጥም ይቀጥላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በተለይ ወንድ ድመት ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት አልወጣው ካለ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ስለሚችል ለነገ አይባልም። ሕመም ከሌለ የሚጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን ይመርምሩ። ርዝመቱ የድመቱን አካል አንድ ተኩል ጊዜ ያህል፣ የአሸዋው ጥልቀት ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር፣ የሳጥኑ ብዛት ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ የበለጠ ይሁን። በየቀኑ ይጠረግ፤ ከምግቡና ከሚጮህ ማሽን ይራቅ። ቆሞ ጅራቱን እያንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ክልል ማመልከቻ ነው። ካልተኮላሸ ያኮላሹት፤ ከ10 ወንዶች 9 ያህሉ ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ ሥራ ስሄድ ውሻዬ ይጮሃል፣ በሩንም ቧጥጦ ቀለሙን አንስቶታል። ጎረቤቶች ለአከራዬ ነግረው «ወይ ውሻው ወይ አንተ» ተብያለሁ። ብቀጣውም አልተወም።

መልስ፦ ቅጣቱን ይተዉት። ውሻው በሩን የሚቧጥጠው ብቻውን መቅረት ስለሚያስፈራው ከሆነ ቅጣት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ፍርሃት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ስልክ ወይም ካሜራ እያስቀረጹ ይውጡ። በወጡ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሩ አጠገብ እየተንቆራጠጠ፣ ምራቁን እያዝረበረበ የሚጮህ ከሆነ ፍርሃት ነው። መስኮት ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚ ባየ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ ግን መስኮቱን ከታች መሸፈንና ማረፊያውን ወደ ውስጠኛው ክፍል ማዛወር ብዙ ይቀንሰዋል።

ፍርሃት ከሆነ መለማመጃው አዝጋሚ ነው። ጫማ ያድርጉ፣ ቁልፍ ያንሡ፣ ሳይወጡ ተመልሰው ይቀመጡ። ይህ ካላስደነገጠው ለ30 ሴኮንድ ይውጡ፤ ከዚያ ለ1 ደቂቃ፣ ለ3፣ ለ5። ከጮኸ ዘለውታል ማለት ነውና ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሱ። ልምምዱ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ረጅም ሰዓት ብቻውን ከቀረ የተገነባው ይፈርሳል። ስለዚህ አብሮት የሚውል ወይም የሚያድር ወዳጅ ይፈልጉ። ከባድ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ፤ ከልምምዱ ጋር ሲሰጥ ይረዳል።

ለአከራዩ ዝም አይበሉ። ቀረጻውንና የልምምዱን ዕቅድ ያሳዩ፤ በሩን በራስዎ ወጪ ያስተካክሉ። ጭረቱ በእንጨት ስቱኮ ይሞላ፣ ይፈገፈግ፣ ከዚያ በሩ በሙሉ ይቀባ፤ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ከቀቡት ልዩነቱ ያስታውቃል። ጥፍሩንም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ይቁረጡ። በጥቁር ጥፍር ላይ ደም ሥሩ ስለማይታይ ቀጭን ቀጭን እያደረጉ ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ አከራይ ነኝ። እስከ ዛሬ እንስሳ አልፈቅድም ነበር፤ አሁን ልሞክር አስቤያለሁ። ውሉ ላይ ምን ላስገባ?

መልስ፦ ደግ አሰቡ። በጅምላ መከልከል እንስሳውን አያስቀርም፤ ይደብቀዋል። የተደበቀ እንስሳ ደግሞ ለቤቱ የከፋው ነው፤ ጉዳቱ ትንሽ ሳለ አይነገርዎትም።

ውሉ «እንስሳ ተፈቅዷል» አይበል። የትኛው እንስሳ እንደሆነ በስም፣ በዓይነት፣ በፆታና በፎቶ ይጠቀስ፤ ሌላ ለመጨመርም ሆነ ግልገል ለማቆየት በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልግ። በርክክቡ ዕለት እያንዳንዱ በር፣ ዞኮሎና የወለል ጥግ ቀን በሚያሳይ ፎቶ ተነስቶ ሁለታችሁም ትፈርሙበት። ይህ ፎቶ ከሌለ በመውጫው ቀን የሚቀረው ጭቅጭቅ ብቻ ነው። በገቡ በ3ኛው ወር፣ አስቀድሞ ተነግሮ፣ አንድ ጉብኝት ይያዝ፤ ሽታ ገና ወለል ሳይገባ የሚያዘው ያኔ ነው። ሲወጡ የኤንዛይም እጥበትና የቁንጫ ርጭት ደረሰኝ እንዲያቀርቡ ይጻፉ።

ቁንጫው ላይ አይቸኩሉ። የቁንጫው እጭ (ገና ያላደገው ቁንጫ) በሸመነው ጎጆ ተጠቅልሎ ለወራት ይቆያል፤ የሚነቃው የሰው እርምጃ ንቅናቄ፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ነው። ባዶው ቤት ንጹሕ መስሎ አዲሱ ተከራይ በገባ በሁለተኛው ቀን የሚነከሰው ለዚህ ነው። ጥግና ስንጥቁ በቫኪዩም ለ2 ሳምንት በየቀኑ ይጠረግ፣ ከረጢቱ ውጭ ይጣል፤ የሚረጨው መድኃኒት የእጩን ዕድገት የሚገታ ይሁን። ድመት ባለበት ቤት ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት አይጠቀሙ፤ ድመት ይገድላል።

መያዣ ከማስጨመርዎ በፊት የአገርዎን ሕግ ይዩ፤ ለመያዣው መጠን ጣሪያ የሚያበጁ አገሮች አሉ። ዓይነ ስውራንን የሚመራ ውሻ በብዙ አገር እንደ ቤት እንስሳ አይቆጠርም፤ እሱን መከልከልም ሕገ ወጥ ነው።

ጥያቄ፦ የዓሣ ገንዳና ጥንቸል ብቻ ነው ያለኝ። ይህም ፈቃድ ይፈልጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈቅዱ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የ200 ሊትር ገንዳ ከመስተዋቱ፣ ከአሸዋውና ከመቀመጫው ጋር ከ250 ኪሎ ግራም ያልፋል። ፎቅ ላይ ከሆነና በተለይ ወለሉ እንጨት ከሆነ፣ ሸክም በሚችለው ግድግዳ ጥግ፣ የወለሉን አግዳሚዎች በሚያቋርጥ አቅጣጫ ይቀመጥ፤ ከፈነዳ ውኃው የሚወርደው በታች ጎረቤት ጣሪያ ነው። ጥንቸሉ የሚፈራው በጥርሱ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶችን በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያስገቡ፤ ሣር ሳይቋረጥ ያቅርቡለት፤ የሚያኝከው ቀለም ያልነካው እንጨት ይስጡት። ይህ ከሌለ ዞኮሎውን ይጀምራል።