ጊታር ይዞ ምርጫ መቀስቀስ፦ ስለ ቢሊ ብራግ ለጠየቃችሁን

(ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው፣ የኛ የሆነበት ቦታ ላይ እንናገራለን።)

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምኖረው ለንደን ነው፣ የአውቶብስ ዴፖ ውስጥ ነው የምሠራው። አብሮኝ የሚሠራ ስልሳን ያለፈ እንግሊዛዊ አለ፣ ሻይ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ቢሊ ብራግ ቢሊ ብራግ እያለ ያደርቀኛል። በሰማንያዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ታቸርን ለመጣል ከተማ ለከተማ እየዞረ ኮንሰርት ያሳይ ነበር ይለኛል። እኔ ደግሞ ፓንክ ሲባል የማውቀው ጸጉሩን ቀለም ነክሮ ያቆመ ልጅና ጩኸት ነው። እውነት ፖለቲካ ነበር ወይስ ቲኬት መሸጫ? ደግሞስ ምን ለወጠ? ሴትየዋ እኮ እስከ 1990 ከወንበሯ አልተነሳችም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውዬህ አልዋሸህም፣ አሳጥሮ ነው እንጂ የነገረህ።

ቢሊ ብራግ በ1957 ባርኪንግ የተወለደ ነው፣ የምሥራቅ ለንደን ጫፍ፣ ከጎኑ ዳግነም ያለው የፎርድ ፋብሪካ ስንቱን ቤተሰብ ያበላ የነበረበት ሰፈር። ጎረምሳ እያለ ሪፍ ራፍ የሚባል ፓንክ ባንድ ነበረው፣ አልሆነላቸውም ተበተኑ፣ ግራ ቢገባው በ1981 ወታደር ቤት ገባ፣ እዚያም ጥቂት ወር ቆይቶ 175 ፓውንድ ከፍሎ ወጣ። ከዚያ ድራመር የለ፣ ቤዝ የለ፣ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ብቻውን መዞር ጀመረ። ስለዚህ ጸጉሩን እርሳው፣ የሱ ፓንክነት ሰው እስኪፈቅድልኝ አልጠብቅም ማለቱ ላይ ነው። በ1983 ጆን ፒል የተባለው የቢቢሲ ዲጄ ማይክ ላይ ሆኖ ርቦኛል፣ የእንጉዳይ ቢሪያኒ ያመጣልኝ ባገኝ ምናምን ሲል ብራግ ሰማው፣ ቢሪያኒውን ገዝቶ ከሸክላው ጋር ይዞለት ሄደ፣ ፒልም በላ፣ ሸክላውንም በተሳሳተ ፍጥነት አጫወተለት። (ቢሪያኒውን ባያመጣም አጫውትለት ነበር ብሏል ኋላ፣ እንመነው።)

ፖለቲካው ግን ቀድሞ ነው የገባው። ሚያዝያ 1978 ላይ ዘረኝነትን ለመቃወም ከትራፋልጋር አደባባይ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ትልቅ ሰልፍ ተደርጎ ነበር፣ መጨረሻው ኮንሰርት ነው፣ ዘ ክላሽ የሚባለው ፓንክ ባንድ ተጫወተ። ብራግ ያኔ ተመልካች ነው፣ አስር ሺዎች ውስጥ አንዱ። ራሱ ደጋግሞ እንደሚናገረው የሚሠራበት ቢሮ ውስጥ የዘረኝነት ቀልድ ሲቀለድ ዝም ይል ነበር፣ ዝም የማይሉ ሰዎች እንደዚህ ብዙ መሆናቸውን ያየው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ጋ ልብ በል፣ ከስቴጁ በላይ የቀየረው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

ቀጥሎ የከሰል ማዕድን ሠራተኞቹ አድማ መጣ። መጋቢት 1984 ላይ መንግሥት 20 ጉድጓድ እዘጋለሁ አለ፣ 20 ሺህ ሰው ከሥራ ሊወጣ ነው ማለት ነው፣ ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ወጣ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ደሞዝ ቆየ። ሚስቶቻቸው በየመንደሩ የጋራ ወጥ ቤት ከፍተው ነው ሕዝቡን ያኖሩት። ብራግ እነዚያ የሠራተኛ ክለቦች ውስጥ እየዞረ በነጻ ይጫወታል፣ በር ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ ለአድማው ይገባል። እኔ ከዚህ ታሪክ በጣም የምወደው ክፍል እዚህ ነው፦ ከለንደን ጊታር ይዞ አብዮተኛ ነኝ ብሎ ሲሄድ፣ ከሱ በፊት ስቴጅ ላይ የሚወጡት የመንደሩ ሽማግሌ ዘፋኞች ያለ ምንም መሣሪያ የሚያንጎራጉሩት ከሱ አስር እጥፍ የመረረ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ተማረ፣ ከዚያ በኋላ የሠራው ሙዚቃ ውስጥም ይሰማል። በ1985 ያወጣው ትንሽ ሸክላ ሽያጩ ለአድማው ፈንድ ነበር፣ እንግሊዝ ቻርት ላይ 15ኛ ገብቶ ቴሌቪዥን ላይ ብቻውን ቆሞ ተጫወተው።

አሁን ወደ ሰውዬህ ቱር። አድማው ተሸነፈ፣ መጋቢት 1985 ሠራተኛው ባንድ ይዞ፣ ባንዲራ ይዞ ወደ ሥራ ተመለሰ። አገሪቱ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሥራ አጥ አለ፣ ወጣቱ ደግሞ ምርጫ ምን ያደርግልኛል ይላል። በኅዳር 1985 ብራግ፣ የስታይል ካውንስሉ ፖል ዌለር፣ የኮሙናርድሱ ጂሚ ሶመርቪልና ሌሎች ሆነው ሬድ ዌጅ የሚባል ስብስብ አቋቋሙ፣ ምረቃውም ፓርላማ ሕንፃ ውስጥ የተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ መሪ ኒል ኪኖክ ባለበት ነው። ጥርና የካቲት 1986 ላይ ትልልቆቹን ከተሞች ዞሩ፣ ማንችስተር፣ በርሚንግሃም፣ ኒውካስል። ኒውካስል ላይ ዘ ስሚዝስ የሚባሉት ባንድ ሳይታሰቡ ብቅ ብለው ጥቂት ዘፈን ተጫውተው ሄዱ፣ አዳራሹ አበደ ይባላል።

አሠራሩ ነው ደስ የሚለው። ስቴጅ ላይ ፖለቲከኛ አይወጣም፣ ስብከት የለም። ቀን ላይ ሙዚቀኞቹና የፓርላማ አባላቱ የከተማው ወጣት ማእከል ይሄዳሉ፣ ልጆቹ የልባቸውን ይጠይቃሉ፣ ይሳደባሉም። ማታ ደግሞ የፓርላማ አባሉ አዳራሹ መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ቆሞ፣ ቢራ ይዞ የሚያልፈው የ19 ዓመት ልጅ ለምንድነው ሥራ የሌለኝ ሲለው መልስ መስጠት አለበት። እስቲ አስበው፣ ለምርጫ ካልሆነ ሰፈር ውስጥ የማይታይ ሰውዬ ኮንሰርት በር ላይ ቆሞ ሲቀልጥ።

ውጤቱስ? ሰኔ 1987 ምርጫ ተደረገ፣ የታቸር ፓርቲ 376 መቀመጫ፣ ሌበር 229። ሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ሬድ ዌጅም እየተዳከመ ሄዶ 1990 ላይ ፈረሰ። በመቀመጫ ከቆጠርከው ዜሮ ነው፣ አንሸፋፍንም።

የኔ አስተያየት ከጠየቅከኝ (አልጠየቅከኝም ግን ልበለው) የሬድ ዌጅ ችግር ከፓርቲ ጋር መጋባቱ ነው። ማዕድን መንደሮቹ ውስጥ ብራግ የሄደው የሰው ትግል ሊያግዝ ነው፣ ምግብ ተገዛ፣ ሰው በላ፣ አለቀ። ሬድ ዌጅ ላይ ግን የሚሸጠው ዕቃ ፓርቲው ሆነ፣ ፓርቲው ሲሸነፍ ዘፋኙም አብሮ የተሸነፈ መሰለ። ብራግ ራሱ የገባው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም 2006 ላይ የትውልድ ሰፈሩ ባርኪንግና ዳግነም ምክር ቤት ውስጥ ቢኤንፒ የሚባለው የቀኝ አክራሪ ፓርቲ 12 መቀመጫ ሲያገኝ የሰፈር ሥራ ውስጥ ገባ፣ ከነዋሪው ጋር እየተጨቃጨቀ፣ በራሪ ወረቀት እየበተነ። 2010 ላይ ቢኤንፒ 12ቱንም አጣ፣ አንድ አልቀረችውም። ብራግ ነው ያሸነፈው እያልኩ አይደለም፣ በየበሩ እያንኳኩ የለፉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ እሱ ከነሱ አንዱ ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባንድ ውስጥ ነው የምጫወተው። እነ ብራግ ቲኬትና አልበም በርካሽ እየሸጡ እንዴት ነው የሚኖሩት? እኛ እኮ በሙሉ ዋጋ ሸጠንም የሳውንድ ኪራይ አይሸፍንልንም።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ምስጢሩ ወጪው ውስጥ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ አንድ አምፕ፣ በባቡር ይሄዳል፣ የሰው ሶፋ ላይ ያድራል። በባትሪ የሚሠራ ጀርባ ላይ የሚታዘል ስፒከር ሁሉ ነበረው፣ መንገድ ላይ ቆሞ ለመጫወት። የመጀመሪያው አልበሙ ሰባት ዘፈን ነው፣ ጠቅላላው 16 ደቂቃ አይሞላም፣ በጥቂት ከሰዓት ተቀድቶ አለቀ፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ከ2.99 ፓውንድ በላይ እንዳትከፍሉ ተብሎ ታተመበት። ነጋዴው ምን ይጨምር? ዋጋው ሥዕሉ ላይ ነው ያለው።

በተቃራኒው ዘ ክላሽን እይ፣ እነሱ ትልቅ ኩባንያ ጋ ነበሩ። 1980 ላይ ሦስት ሸክላ ያለውን አልበም እንደ አንድ ሸክላ ዋጋ እንሽጥ ብለው ሲከራከሩ ኩባንያው እሺ አለ፣ ግን እንግሊዝ ውስጥ ከመጀመሪያው 200 ሺህ ኮፒ የሚደርሳችሁን ትተዉልኛላችሁ አላቸው። ተዉ። ዕዳ ውስጥ ተነከሩበት። ስለዚህ በርካሽ ለመሸጥ ከማሰብህ በፊት ልዩነቱን ከማን ኪስ እንደምታወጣው ተነጋገሩ፣ በተለይ ባንዱ ውስጥ ልጆች የሚያሳድግ ካለ። ሳውንዱን ለአንድ ምሽት በሁለት ሰው ጀምሩትና እዩት እስቲ፣ ድራም የሌለበት ዝግጅት አሳፋሪ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው። ሬድ ዌጅ በተቋቋመበት ዓመት እኮ ላይቭ ኤይድ ለኛ ተደርጎ ነበር። እሱም ከድህነት ጋር የተያያዘ ኮንሰርት ነው፣ ልዩነታቸው ምንድነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ጥሩ አድርገሽ አመጣሽው፣ የላይቭ ኤይዱ አዘጋጅ ቦብ ጌልዶፍም እኮ የመጣው ከዚያው ከፓንክ ዘመን ባንድ ነው፣ ቡምታውን ራትስ። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ዌምብሌይና ፊላደልፊያ የተደረገው ሕዝቡን ገንዘብ ስጡ አለ፣ ሕዝቡም ሰጠ፣ በሱ የተረፈ ሰው አለ፣ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ያላለው ነገር ግን አለ። በኛ አቆጣጠር መስከረም 1977 ላይ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ በድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው ይረግፍ ነበር፣ ጦርነቱም ነበር፣ ይሄ ሁሉ ስቴጁ ላይ የለም፣ ዝናብ ቀረ ብቻ ነው የሚመስለው። ሬድ ዌጅ ደግሞ ገንዘብ አልጠየቀም፣ ማን ወሰነብህ ነው የጠየቀው።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው ግን አለ፣ ፖል ዌለር። 1984 መጨረሻ ላይ ለኢትዮጵያ በተዘፈነው የባንድ ኤይድ ሸክላ ላይ አለበት፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ለአድማ መቺ ቤተሰቦች ሌላ ሸክላ አወጣ። የታቸር መንግሥት በባንድ ኤይዱ ሸክላ ላይ ታክሱን አልተውም ብሎ ተከራክሮ በኋላ ጫጫታው ሲበዛ ያህሉን መልሶ እንደሰጠም እዚያ ያለ ሰው አይረሳውም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ፓንኮች ሁሉም የሀብታም ልጆች አይደሉም እንዴ? የክላሹ ጆ ስትራመር የዲፕሎማት ልጅ ነው ሲሉ ሰማሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ነው። አንካራ ነው የተወለደው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። እና ኅዳር 2002 ላይ አድማ ላይ ለነበሩ እሳት አደጋ ሠራተኞች ለንደን አክተን ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ተጫወተ፣ ስትራመር ከክላሽ አባሮት የነበረው ሚክ ጆንስ ተመልካች መሃል ነበር፣ ዘሎ ስቴጅ ላይ ወጣና ከስንት ዓመት በኋላ አብረው ተጫወቱ። ወር ከምናምን በኋላ ስትራመር በ50 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ምን ይሠራ እንደነበር እሳት አደጋዎቹ የጠየቁት አይመስለኝም።