«ወሎዬ ሆኜ የተራራ ከፍታ እንዴት ያመኛል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደላንታ ደጋው ላይ ነው፤ ላለፉት 11 ዓመታት ግን ኑሮዬ ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ጥር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አቡነ ዮሴፍ ተራራን ለመውጣት ሄድን። ዓርብ ማለዳ ከኮምቦልቻ ተነሥተን ላሊበላ አደርን። ቅዳሜ በእግራችን ወጥተን 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ድንኳን ተከልን። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ እራትም አልበላ አለኝ። ጓደኞቼ «ፀሐይ ላይ ውለህ ምች መትቶህ ነው» ብለው ነጭ ሽንኩርት አስበሉኝ፤ ለብርዱም አረቄ ቀመስን። ሌሊቱ ስለጠናብን ከሰል አያይዘን ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገባን። እኩለ ሌሊት ላይ አስታወከኝ። ጠዋት ሲነጋ አንዱ ጓደኛዬም ራሱን አሞት ተነሣ፤ ከእኛ ጋር ያልተኛው መንገድ መሪያችን ግን ደህና ነበር። ጫፉን ሳላይ ወረድኩ፤ ላሊበላ ስደርስ ምንም እንዳልነበረብኝ ሆንኩ። የደጋ ልጅ ሆኜ ይህ እንዴት ይደርስብኛል? ለመጪው ገና ደግሞ ደላንታ የሚኖሩትን የ61 ዓመት አባቴን ይዤ ላሊበላ ልሄድ፣ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምንም ላሳልማቸው አስቤአለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው የተጻፈላቸው። ይዣቸው ልሂድ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከከሰሉ ልጀምር። እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ እኔን ግን ከራስ ምታቱም ከትውከቱም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ደሴና አካባቢዋ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በተለይ ውርጭ በሚጠናበት ወቅት፣ ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን ተቀብያለሁ። አንዳንዶቹ በሰዓታት ውስጥ ዐይናቸውን ገለጡ። አንዳንዶቹ አልገለጡም።

ብዙ ሰው «ጭሱ ውጭ ከወጣለትና ፍም ከሆነ በኋላ ምንም አይልም» ብሎ ያምናል። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። የሚጀምረውም በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በድካም ስለሆነ ሰው «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይተኛል። እናንተ ደግሞ ይህን ያደረጋችሁት ኦክስጅን አስቀድሞ በቀነሰበት ቦታ፣ አየር በማያስገባ ድንኳን ውስጥ፣ አረቄ ቀምሳችሁ ነው። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ይህን መመረዝ ለይቶ አያሳይም፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው እየሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፦ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ለአሥር ደቂቃም፣ መዝጊያው ገርበብ ተደርጎም ቢሆን አይግባ።

ታዲያ ያን ሌሊት ያመመዎት ከሰሉ ነው ወይስ ከፍታው? በጽሑፍ ብቻ ፍርድ መስጠት ከባድ ቢሆንም የነገሩኝ የሰዓት ቅደም ተከተል ይረዳል። ራስ ምታቱ የጀመረዎት አሥር ሰዓት ላይ፣ ከሰሉ ከመያያዙ በፊት ነው፤ የምግብ ፍላጎትዎም ያኔ ጠፍቷል። ይህ የከፍታ ሕመም መልክ ነው። ሌሊት ላይ ግን ባሰብዎት፣ አንድ ጓደኛዎም አብሮ ታመመ፣ ውጭ ያደረው መንገድ መሪ ደህና ሆነ። አንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ሲያማቸው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሳት ነው። መንገድ መሪው የዚያው አገር ሰው ስለሆነ ከፍታውንም ለምዶት ይሆናል፤ ያም ሆኖ የእኔ ግምት በከፍታው ላይ ከሰሉ ተደርቦበታል የሚል ነው። መውረድዎ ሁለቱንም ፈወሰ፤ ከድንኳኑም ወጡ፣ ከከፍታውም ወረዱ። ጫፉን ሳያዩ በመመለስዎ ቅር ብሎዎት ከሆነ፣ ያን ጠዋት ካደረጉት ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። የአየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ኮምቦልቻም ሆነ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 3,600 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልብም ይፈጥናል፤ ኩላሊት ደግሞ በቀናት ውስጥ የደሙን ኬሚካል ያስተካክላል። ይህ መላመድ ጊዜ ይፈልጋል። ሰውየው ከመላመዱ ፈጥኖ ከወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ በደረሰ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ።

እውነት ነው፣ የአገራችን ደገኞች ልዩ ናቸው። በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቶ ብዙ ተመራማሪዎችን አስደንቋል። በከፍታ የሚኖሩ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በማወፈር የሚቋቋሙትን የእኛ ሰው በሌላ መንገድ ይወጣዋል። ነገር ግን ሰውነትዎ በዕለት ተዕለት የሚያገኘው ልምምድ ከደጋ ሲርቁ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። እርስዎ 11 ዓመት በ1,850 ሜትር ገደማ ኖረዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ መኝታዎን በ1,750 ሜትር ገደማ ከፍ አደረጉት። በዚህ ፍጥነት ጎበዝ ሯጭም ይታመማል። ጉልበትና ብርታት ከከፍታ ሕመም አያድኑም፤ እንዲያውም ወጣትና ጠንካራው ቀድሞ ስለሚሮጥ ቀድሞ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

ጓደኞችዎን አልወቅስም፤ እኛ ቤት ራስ ምታት ሁሉ ምች ነው፣ እናቴም ዳማከሴ ጨምቃ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። ተራራ ላይ ግን «ምች ነው» ማለት ሰውየውን እዚያው ያስተኛዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ አዲስ ራስ ምታት ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ከፍታ ነው ብለው ይነሡ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አይውጡ። ይረፉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ካልተሻለዎት ወይም ከባሰብዎት ይውረዱ፤ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ነገር ግን ሁለት ምልክቶች ከታዩ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን አይጠበቅም። አንደኛው ሰውየው እንደሰከረ ሲንገዳገድ ወይም ንግግሩ ሲምታታ ነው። ተረከዙን ከጣቱ ጋር እያገናኘ በቀጥታ መሥመር እንዲሄድ ያድርጉት፤ ካቃተው አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቁጭ ባለበት ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሲያስለው፣ ይባስ ብሎም ሮዝ አረፋ ሲያወጣ ነው፤ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ ጉልበት እንዲደክም አይደረግም፤ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ይውረድ። ብቻውንም አይላክ።

ለሚቀጥለው ጉዞዎ ላሊበላ ላይ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት ይደሩ። በመካከሉ ባለው ቀን ወደ አሸተን ማርያም ወጥተው ተመልሰው ከተማ ይተኙ፤ ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ከዚያ የመጀመሪያውን ድንኳን 3,000 ሜትር አካባቢ ይትከሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ መኝታ በቀን ከ500 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ ነው። አቡነ ዮሴፍ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ ተራራ አይደለም። ሰኞንና ማክሰኞን ፈቃድ ይውሰዱ፤ ጭላዳውንና ጅብራውንም ያኔ ረጋ ብለው ያዩታል።

አረቄው ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይቅር፤ የእንቅልፍ ክኒንም እንዲሁ። ሁለቱም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ አረቄ ደግሞ ቆዳን እያሞቀ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። ለብርዱ የሚሻለው ደረቅ ልብስ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚበቃዎት ጃኬት እዚያ አይበቃም። ላብ የጠጣውን ካናቴራ ከመተኛትዎ በፊት ይቀይሩ። ስንቅ ከሆነ በሶና ቆሎ ይያዙ፤ ምግብ አልወርድ ሲል በሶ በስኳር ይወርዳል።

አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒትም አለ፤ ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፤ የሰልፋ መድኃኒት (እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያለ) አለርጂ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር ሊወስደው አይገባም። እርስዎ ቀን ጨምረው ቀስ ብለው ከወጡ የሚያስፈልግዎት አይመስለኝም።

አባትዎን በተመለከተ፣ ከፍታው ከእርስዎ ይልቅ ለእሳቸው ይቀላል፤ ደላንታ ደጋው ላይ የሚኖሩ ሰው ላሊበላ ሲመጡ ወደ ታች ነው የሚወርዱት። እኔን የሚያሳስበኝ ግፊታቸው፣ ጾማቸውና ዳገቱ ናቸው። ቢያንስ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ግፊታቸው ይለካ። ከ140/90 በታች ከተረጋጋ፣ ዳገት ሲወጡም ደረታቸውን የማይጨንቃቸውና ትንፋሽ የማያሳጥራቸው ከሆነ፣ መሄዳቸውን አልከለክልም። ደረታቸውን የሚይዛቸው ከሆነ ግን ልባቸው ሳይመረመር ዳገት አይውጡ።

የነቢያት ጾም ላይ ስለሚሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ሊወጡ ይፈልጉ ይሆናል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሽንት ውኃና ጨው የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ በባዶ ሆድ፣ በፀሐይ፣ በዳገት ላይ ሲደመር ብድግ ሲሉ ሊያዞራቸው፣ ገደል አፋፍ ላይም ሊጥላቸው ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡባቸው። የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር፣ ውኃ ስለመቅመሳቸው ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ እኔ የማውቃቸው አባቶች ለታመመና ለመንገደኛ ይፈቅዳሉ። አሴታዞላማይድን ግን ለእሳቸው አያስቡት፤ ከሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ጋር ተደራርቦ ውኃና ፖታሲየም ያሳጣቸዋል።

ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። አባትዎ ይህ ሳል ካላቸው ከመነሣትዎ በፊት ይወቁት፤ ሳሉ የቆየና ያው ከሆነ አያስደንግጥዎ፣ መንገድ ላይ የጀመረና ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ግን የመድኃኒቱ ነው ብለው አይለፉት።

ለመውጫው በቅሎ ይከራዩላቸው፤ «እኔ በእግሬ እሳለማለሁ» ካሉ ደግሞ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተው፣ እያወሩ መራመድ በሚያስችል ፍጥነት ይውጡ። መውረዱ ለጉልበታቸው ከመውጣቱ ይከፋልና ዱላቸውን ቤት እንዳይረሱ።