ስህተቱን የሚያየው ማን ነው? የምርምር መረጃ ለምትይዙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ካለው ቤቴ ሆኜ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የምርምር መረጃ ስሰበስብ፣ ሳደራጅና ስጠብቅ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በየምርምር ማዕከሉና በየዩኒቨርሲቲው የምትሠሩ ወጣቶች ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ፣ ለሁሉም የሳይንስ ዘርፍ የሚያገለግል አንድ የጋራ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት ይዘርጋ ወይስ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ይያዝ የሚለውን ነው። እኔ በሁለቱም ወገን ቆሜ ተሳስቻለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁበት፣ ከከተማው ዳር የነበረ ተቋም፣ የአፈሩ ክፍል፣ የሰብሉ ክፍልና የአየር ጠባዩ ክፍል እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰርቨር በየቢሯቸው ጥግ ያስቀመጡበት ነበር። እኔም «መረጃውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው» ብዬ ይህንን አሠራር እደግፍ ነበር። አንድ ክረምት መብራት እየመጣ እየሄደ የአፈሩን ክፍል ዲስክ አቃጠለው፤ መጠባበቂያ ቅጂው የነበረበትን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል የሚያውቀው ባልደረባችን ደግሞ ለትምህርት ከሀገር ወጥቶ ነበር። የበርካታ ዓመታት ልኬት በዚያው ጠፋ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ መብራት ሲቆራረጥ የአፈርን መረጃ ከስንዴ መረጃ ለይቶ እንደማያጠፋ ነው፤ ማከማቻው፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ የይለፍ ቃሉ አያያዝና ጄኔሬተሩ የማንም ዘርፍ ልዩ ዕውቀት ስላልሆኑ በየክፍሉ የሚበተኑበት ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድን። ለሁሉም ክፍሎች አንድ ማከማቻ ብቻ ሳይሆን አንድ የመመዝገቢያ ቅጽም አዘጋጀን፤ በቅጹም ሁለት ስህተቶች ሠራን። የመጀመሪያው፣ ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ የጳጉሜን ቀናት የሚገቡበት ቦታ አለማግኘታቸው ነበር፤ አንዳንዱ መዝጋቢ ነሐሴ 30 ላይ ይደምራቸዋል፣ ሌላው ጭራሹን ይተዋቸዋል። ይህን ግን ማንም ኢትዮጵያዊ ወዲያው ያየዋል። አንድ ጊዜ ለሁሉም ተስተካከለና አለቀ።

ሁለተኛው ስህተት ግን ዓመታት ተደብቆ ቆየ። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ሲሆን፣ የሚነበበውም ባለፉት 24 ሰዓታት የወረደው ውሃ ነው። በእኛ አካባቢ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማምሻውን ስለሚዘንብ፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚለካው በአብዛኛው ሰኞ የዘነበው ነው። የጋራ ቅጹ ግን «ቀን» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነበረው፤ አንዱ ጣቢያ የተነበበበትን ቀን ሲጽፍ ሌላው የዘነበበትን ይጽፍ ነበር። ቀኑም ቁጥሩም ትክክለኛ መልክ ስለነበራቸው ኮምፒውተሩ ምንም አልተቃወመም። ነገሩ የታወቀው አንዲት የውሃ ሀብት ባለሙያ የወንዙን ልኬት ከዝናቡ ጋር ስታስተያይ፣ ጎርፉ ከዝናቡ አንድ ቀን ቀድሞ የመጣ ሆኖ ባገኘችው ጊዜ ነው። መረጃውን በየጣቢያው ተመልሶ ለማጥራት የፈጀብንን ድካም ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ አንድን አገልግሎት የጋራ ከማድረጋችሁ በፊት፣ እዚያ ላይ ስህተት ቢፈጠር ስህተቱን ማን ሊያየው እንደሚችል ጠይቁ። ማንኛውም ጠንቃቃ ሠራተኛ የሚያየው ከሆነ የጋራ ይሁን፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያየው ከሆነ በዚያ ዘርፍ እጅ ይቆይ።

የሰው መለያን ውሰዱ። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት መንገድ ስለሚጻፍ የአንድ ተመራማሪ ሥራዎች እንደ ሦስት ሰው ሥራ ይበተናሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ (ORCID) የተባለው የተመራማሪዎች መዝገብ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጠው ባለ16 አሃዝ መለያ ለሐኪሙም ለጂኦሎጂስቱም እኩል ይሠራል፤ ከማንም ይበልጥ የሚጠቅመውም እኛን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን የሚስተናገደው ዜኖዶ (Zenodo) የተባለው የበይነመረብ መረጃ ማከማቻም የየትኛውንም ዘርፍ ፋይል ይቀበላል፣ ቋሚ መለያም ይሰጠዋል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ትክክል ነው አይደለም ብሎ ግን አይመረምርም፤ እንዲመረምርም መጠበቅ የለብንም።

የዘርፍ ቋት፣ ማለትም የአንድን ዘርፍ መረጃ ብቻ የሚይዝ ማከማቻ፣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ደግሞ የፕሮቲንና የመሰሎቹን ሞለኪውሎች ቅርጽ የሚይዘውን የፕሮቲን ዳታ ባንክን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ በ7 የሞለኪውል ቅርጾች ተጀምሮ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል። ለዚህ ያደረሰው የዲስኩ ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ አቶም ያለበት ቦታ እንዴት እንደሚጻፍና ምን ሲጎድል እንደሚመለስ ባለሙያዎቹ መስማማታቸው ጭምር ነው። እዚሁ ከበላዬ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የሚሠሩ ባለሙያዎችም የፋይል ዓይነት መፍጠር አያስፈልጋቸውም፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ምስሉንና መግለጫውን አብሮ የሚይዘውን ፊትስ (FITS) የተባለ የፋይል ዓይነት ይጠቀማሉ። ለእኛ አቅም የሚስማማው ይህ ነው፦ የዘርፉን ቋንቋ ከዓለም የሙያ ባልደረቦቻችን መውሰድ፣ ማከማቻውንና መለያውን ግን በጋራ መያዝ።

የምትነድፉት ቅጽ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጠዋት በ3 ሰዓት ዝናብ መለኪያውን ከሚያነብ ሠራተኛ አጠገብ ቁሙ፤ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው የትኛውን ቀን እንደሆነም ጠይቁት።