ቢላህን የሰነጠቀው ውሃው ብቻ አይደለም

ከዚሁ ከአዳማ አንድ ወጣት የሚከተለውን ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ብረት መቀጥቀጥ ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። በጓሯችን በአሮጌ የመኪና ቸርኬ ላይ ከሰል አንድጄ፣ በፀጉር ማድረቂያ ንፋስ እየሰጠሁ እሠራለሁ። እስካሁን ሦስት ቢላና አንድ የብረት መቁረጫ መሮ ሠርቻለሁ። ከፌሮ የሠራሁት ቢላ አልጠነክር ብሎ ሽንኩርት ሲቆርጥ እንኳ ስለቱ ይታጠፋል። ከባሌስትራ የሠራኋቸውን ሁለቱን ቀይ እስኪሆኑ አግዬ ውሃ ውስጥ ስነክራቸው፣ አንዱ ‹ጭው› ብሎ ከስለቱ እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ፣ ሌላው እንደ ማጭድ ጎበጠ። የመሮው አፍም በሁለተኛው ቀን ተሸረፈ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ብረቱ ነው ወይስ መዶሻዬ?»

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ጋር የላክኸውን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የመዶሻህ ምት የተስተካከለ ነው፤ የቢላው ጀርባ ቀጥ ብሏል፣ ጫፉም አልተዛነፈም፤ በአምስት ወር ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ስለዚህ መዶሻህን ለጊዜው ተወው። ከፎቶው ላይ ቀልቤን የሳበው ሌላ ነገር ነው፦ እሳትህ በግልጽ ሰማይ ሥር፣ ጥላህ ከእግርህ ሥር በገባበት የቀትር ፀሐይ ላይ ይነዳል። የአራቱ ሥራዎችህ ችግር የተለያየ ቢመስልም፣ የሦስቱ ዋና መነሻ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። «ቀይ እስኪሆኑ» ስትል የትኛው ቀይ እንደሆነ ፀሐዩ ሊያሳይህ አይችልም።

የፌሮውን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርሰው። ብረትን በማጋልና በመንከር ማጠንከር የሚቻለው በውስጡ በቂ ካርቦን ሲኖር ነው። ለግንባታ የሚመረተው ፌሮ በአብዛኛው ከመቶ 0.2 እስከ 0.3 ያህል ካርቦን ብቻ ስለሚይዝ፣ እንዲታጠፍና እንዲለጠጥ እንጂ ስለት እንዲይዝ የተሠራ ብረት አይደለም፤ የቱንም ያህል ብትነክረው ደህና ቢላ አይወጣውም። ጉጠት፣ መንጠቆ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የእሳት መጫሪያ ግን ያምርበታል። በባሌስትራ ውስጥ ያለው ካርቦን ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 አካባቢ ሲሆን፣ በብዛትም ክሮሚየም ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ለጀማሪ ቢላ ሠሪ ከእርሱ የሚሻል ብረት አላውቅም።

በባሌስትራ በኩል ደግሞ የታደልን ነን። የጅቡቲ መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ የከባድ መኪና ባሌስትራ ሲቀየርና ሲጠገን የሚውልባቸው ጋራዦች አያጡንም፤ ቁርጥራጩም በቀላሉ ይገኛል። ይሁን እንጂ አንድ ባሌስትራ የሚጣለው ሸክም ተሸክሞ፣ በየጉድጓዱ እየታጠፈና እየተቃና ከደከመ በኋላ ስለሆነ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሳትቆርጠው መርምረው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ከእሳት ርቀህ ነጭ ጋዝ በጨርቅ ቀባው። ሩብ ሰዓት ካቆየኸው በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገህ የተፈጨ ጠመኔ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ ገብቶ የተደበቀው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይመጠጥና እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ያሳይሃል። ያንን ክፍል ቆርጠህ ጣለው፤ የመሃል ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ዙሪያም ለቢላ አትጠቀምበት።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ። 750 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ብረት በጥላ ቤት ውስጥ እንደበሰለ ቲማቲም ቀልቶ ይታያል፤ ያው ብረት በአዳማ የቀትር ፀሐይ ላይ ግን ገና ያልጋለ ይመስላል። ስለዚህ «አሁን ቀላ» ብለህ የምታወጣው ከሚገባው ሙቀት እጅግ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። የከተማችን ነፋስ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያዞር ነፋስ ነው፤ ከፀጉር ማድረቂያህ ጋር ተባብሮ ፍሙን በአንድ በኩል ሲያነደው፣ የቢላው አንድ ጎን ከሌላው አልፎ ይግላል። ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ውስጡ ያለው ደቃቅ ፍሬ፣ ማለትም ብረቱ የተገነባበት ጥቃቅን ቅንጣት፣ ያድጋል፤ ፍሬው ያደገ ብረት ሲጠነክር እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ አራተኛውን ቢላ ከመጀመርህ በፊት ከምንም አስቀድመህ ከላይ በቆርቆሮ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ደግሞ በላሜራ የተከለለ፣ በሌላው ወገን ግን ጭሱ የሚወጣበት ጥላ ሥራ። ከሁለት ቆርቆሮ የበለጠ ወጪ አይጠይቅህም፤ ከምትገዛው ማንኛውም መሣሪያ በላይ ግን ይጠቅምሃል።

ጥላው ሲኖርህ ማግኔት ፈልግ፤ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ይበቃል፤ በሽቦ ጫፍ አንጠልጥለው። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ቢላውን ከፍሙ ሳብ አድርገህ ማግኔቱን ጠጋ ስታደርግለት የማይያዝ ከሆነ፣ መልሰህ አስገባውና ቀለሙ አንድ ደረጃ ደመቅ እስኪል ብቻ ጠብቅ። ባሌስትራ ለመንከር የሚፈልገው ሙቀት 830 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመቀጥቀጥ ከዚህ በላይ፣ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ መውጣት ትችላለህ፤ ነገር ግን ብረቱ ራሱ እንደ ርችት ብልጭታ ከረጨ ተቃጥሏልና ያ ክፍል አይድንም። ቀለሙ ደብዝዞ ጥቁር ቀይ ሲሆንም መምታትህን አቁም፤ በቀዘቀዘ ባሌስትራ ላይ የሚያርፍ መዶሻ ስንጥቅ ይዘራል።

ይህን በቃል ብቻ እንድታምነኝ አልፈልግም። ከዚያው ባሌስትራ የጣት ስፋትና የጣት ርዝመት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ቀጥቅጠህ አቅጥን። አንደኛውን ማግኔት ከተወው በኋላ አንድ ደረጃ ብቻ አድምቀህ፣ ሁለተኛውን ደማቅ ብርቱካናማ አድርገህ፣ ሦስተኛውን ወደ ቢጫ አድርሰህና በዚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆይተህ፣ ሦስቱንም ዘይት ውስጥ ንከራቸው። ሲቀዘቅዙ አንድ በአንድ ሞርሳ (ብረት ጨብጦ መያዣ) ላይ እሰራቸው፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናቸው፣ መነጽርህን አድርገህ በመዶሻ ስበራቸው። የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት። የመጀመሪያው እንደ ወንፊት የወጣ አመድ የላመ፣ ግራጫና የማያብለጨልጭ ይሆናል። የሦስተኛው ፊት እንደ ስኳር እህል ያብለጨልጫል፤ ጣትህን ብታሳርፍበት ሻካራነቱ ይሰማሃል። አሁን የተሰነጠቀውን ቢላህን በስንጥቁ ላይ ሰብረህ ከሦስቱ ጋር አስተያየው። የስኳሩን ዘመድ ታገኛለህ ብዬ እጠብቃለሁ።

ውሃው ከጥፋቱ ነፃ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ባሌስትራ በውስጡ ባሉት ተጨማሪዎች ምክንያት ዘግየት ብሎ ቢቀዘቅዝም የሚጠነክር ብረት ነው፤ የውሃን ፍጥነት አይፈልግም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ላዩ በቅጽበት ይጠነክራል፤ ውስጡ ቆይቶ ሲጠነክር ደግሞ ጠንካራ ብረት ከለስላሳው ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ፣ አስቀድሞ የደረቀውን ላዩን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እኔም በጀማሪነቴ ለአንድ ሥጋ ቤት የታዘዙ አምስት ቢላዎች ውሃ ውስጥ ከትቼ ሦስቱ ተሰንጥቀውብኝ ነበር፤ ሁለቱን «ደህና ናቸው» ብዬ አስረከብኩ፣ አንዱም በሳምንቱ አጥንት ላይ ለሁለት ተከፈለ። ሰው አለመጎዳቱን ዛሬም አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልመረምር ከእጄ የወጣ ቢላ የለም።

ዘይቱ ተራ የምግብ ዘይት ይሁን። ለኩሽና ቢላ ሦስት ወይም አራት ሊትር፣ ጠባብና ጥልቅ በሆነ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ አድርግ፤ እስከ አፉ አትሙላው። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቀው፤ የሞቀ ዘይት ይቀጥንና ብረቱን እኩል ይነካዋል። ብዙዎች በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይነክራሉ፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ ጭሱ የሚያመጣው ለሳንባ የማይበጅ ነገር ነው፣ የምትሠራውም ምግብ የሚቆርጥ ዕቃ ነው። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ክዳኑን ግጠምበት እንጂ ውሃ እንዳታፈስበት።

ከመንከርህ በፊት ግን ብረቱን አሳርፈው። ቀጥቅጠህና ሞርደህ የጨረስከውን ቢላ ማግኔት እስኪተወው አግለህ፣ ነፋስ በሌለበት አየር ላይ እስኪጠቁር አቀዝቅዘው፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገመው። በመቀጥቀጥ ያደገው ፍሬ ይደቃል፣ በመዶሻው ብረቱ ውስጥ የታመቀው ጭንቀትም ይወጣል። ሁለተኛው ቢላህ የጎበጠበት ምክንያት በከፊል ይህ ዕረፍት መቅረቱ ነው። ሌላው ምክንያት ስለቱን ሳትነክረው በፊት እስከ ምላጭ ማቅጠንህ ነው፤ ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር አስቀርተህ ቀሪውን ከጠነከረ በኋላ ሙረደው። ግራና ቀኙም እኩል የተሞረደ ይሁን፤ በጎን ሚዛኑ የተዛባ ቢላ ወደ አንዱ መጉበጡ አይቀርም። ስትነክረው ጫፉን አስቀድመህ ቀጥ አድርገህ አስገባው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ አንቀሳቅሰው፤ ወደ ጎን ካማሰልከው አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ከዘይቱ ሲወጣ ጎብጦ ካገኘኸው፣ ገና በእጅ የማይነካ ትኩስ ሳለ በሁለት ጣውላ መካከል ሞርሳ ላይ ጨብጠው። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ለማቃናት አትሞክር፤ ይሰበራል።

ቀጥሎ ያለውን በደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፦ ማለዘብ፣ ማለትም የጠነከረውን ብረት በመጠኑ አሙቆ ተሰባሪነቱን መቀነስ። ከዘይት የወጣ ቢላ ሞረድ የማይነክሰው፣ እንደ ጠርሙስ የደረቀ ነው፤ ሞረዱ መጀመሪያ ትንሽ ቢነክስ አትደንግጥ፣ እሳቱ ካርቦኑን የበላበት ስስ የላይ ሽፋን ስላለ ከሥሩ ፈትነው። እንዲህ የደረቀውን ቢላ በዚያው ቀን፣ ከተቻለ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ 200 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት አቆይተህ አቀዝቅዘው፤ ከዚያም ለሁለት ሰዓት ድገመው። የኤሌክትሪክ ኦቨን ካገኘህ በአሸዋ በተሞላ የብረት ትሪ ውስጥ ቅበረው፤ አሸዋው የኦቨኑን መዋዠቅ ያረጋጋዋል። ከሌለህ ግን በወፍራም ላሜራ ላይ የሞቀ አሸዋ ተጠቀምና ቀለሙን ተከተል፦ በብርጭቆ ወረቀት ያጠራኸው የቢላው ጎን በመጀመሪያ የጤፍ ገለባ ይመስላል፤ ይህ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀጥሎ የጠጅ ቀለም፣ ከዚያ ቡናማ፣ 280 ዲግሪ አካባቢ ወይን ጠጅ፣ 300 ሲጠጋም ሰማያዊ ይሆናል። ለኩሽና ቢላ ከገለባው እስከ ጠጁ መጀመሪያ ድረስ ይበቃል። ቀለሙ የሚታመነው ብረቱ ሙቀቱን እየወጣ ሳለ መሆኑን ግን ልብ በል፤ በአንድ ሙቀት ላይ ለሰዓታት የቆየ ብረት ሙቀቱ ሳይጨምርም ቀለሙ ይጠቁራል።

መሮህም የተሸረፈው ስላልለዘበ ጭምር ነው። ለመሮ ሁለት ሰዓት አያስፈልግህም። ከአፉ ስድስት ሳንቲሜትር ያህል አግል፣ ሦስቱን ብቻ ዘይት ውስጥ ንከር፣ አውጥተህ አፉን በሞረድ ድንጋይ ስባሪ በፍጥነት አጥራው። ከኋላ የቀረው ሙቀት ወደ አፉ ሲወርድ ቀለሞቹ በተራ ሲጓዙ ታያቸዋለህ፤ ቡናማው አልፎ ወይን ጠጁ አፉ ላይ እንደደረሰ መልሰህ ንከረው። በመዶሻ የሚመታውን ራሱን ፈጽሞ አታጠንክረው፤ የደረቀ ራስ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ራሱ እየተመታ እንደ እንጉዳይ ጠርዝ ሲያወጣም ሞርደህ አስተካክለው።

የጎበጠውን ቢላህን አትጣለው። ጠመኔውን ነስንሰህ ስንጥቅ ካላገኘህበት፣ እንደገና አግለህ አቃናው፣ ሦስቱን ዕረፍት ስጠው፣ ከዚያ በዘይት ሞክረው። የተሰነጠቀውን ከስንጥቁ በላይ ቆርጠህ አጭር የልጣጭ ቢላ ማውጣት ትችላለህ፤ ብረቱ ራሱ ተቃጥሎ ብልጭታ ካልረጨ በቀር፣ ያደገው ፍሬ በዚያው ዕረፍት ይመለሳል። የሦስቱን ቁራጮች ስብራት ፎቶ በጥላ ውስጥ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሥተህ ላክልኝ፤ ቢላውን ከመንከርህ በፊት አብረን እናየዋለን።