ስልክዎ አላረጀም፣ ሞልቶበት ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ስልክ ስጠግን 14 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሁለቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ። የምጽፍልህ ከሳቢያን ነው። ስልኬ ሳምሰንግ ኤ12 ነው፣ ባለ 32 ጊጋ። ከገዛሁት አራት ዓመት አልፎታል። አሁን በጣም ተንቀራፈፈብኝ። የምተዳደረው ሙሸበክና ሳንቡሳ በትእዛዝ እየሠራሁ ነው፤ ደንበኛ ሲደውል ስክሪኑ ስታክ ያደርግና ሳላነሳው ይዘጋል። ቻርጀሩም በነገር ካልተደገፈ አይዝም። ልጆቼ «ተይው፣ ሌላ ግዢ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ፍላሽ ይደረግ፣ አዲስ ይሆናል» አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። እናቴ ከማረፏ በፊት በዋትሳፕ የላከችልኝ ድምጾች እዚያ ውስጥ ናቸው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን ነፍስ ይማርልን። ስልኩን ለጊዜው ለማንም ፍላሽ አድራጊ አይስጡ። ፍላሽ ማድረግ ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ነው። ስልኩ ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ድምጾቹ ግን አብረው ይሄዳሉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእጄ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አባት ከመጋላ መጡ። «ይንቀራፈፋል፣ አስተካክልልኝ» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው ሁሉንም አጥፍቼ አስተካከልኩት። ሲከፍቱት የልጃቸው የሠርግ ፎቶ የለም። አልተቆጡኝም። ቆመው ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ ሲገፉት ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ «ውስጡ ምን እንዲተርፍልዎ ይፈልጋሉ?» ሳልል የማንንም ስልክ አልነካም።

ስለዚህ ከድምጾቹ እንጀምር። «ማይ ፋይልስ» የሚለውን ይክፈቱ። ከዚያ «ኢንተርናል ስቶሬጅ»፣ «አንድሮይድ»፣ «ሚዲያ» ይግቡ። «com.whatsapp» የሚል ፎልደር ያገኛሉ። በውስጡ «ዋትሳፕ»፣ «ሚዲያ»፣ ከዚያ «ዋትሳፕ ቮይስ ኖትስ» አለ። እዚያ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ብዙ ፎልደሮች ይታያሉ፤ አያስደንግጥዎ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ። ኤ12 ሚሞሪ ካርድ ስለሚቀበል ሙሉውን ፎልደር ወደ ሚሞሪው ኮፒ ያድርጉት። «ሙቭ» አይበሉ፣ «ኮፒ» ይበሉ።

በአንድ ቦታ ብቻ አይተዉት። ሚሞሪ ካርድም ይበላሻል። ከእናትዎ ድምጾች ለልብዎ የሚቀርቡትን እየመረጡ፣ ዋትሳፕ ላይ ጫን ብለው ይያዙና «ሼር» በማለት ወደ ቴሌግራምዎ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ይላኩ። እዚያ የገባው ስልኩ ቢሰበር እንኳ በስልክ ቁጥርዎ ሌላ ስልክ ላይ ይከፈታል። ከዚያ ሁለት ሦስቱን ከፍተው ያዳምጡ። መሰማታቸውን በጆሮዎ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

አሁን ወደ መንቀራፈፉ። ስልክዎ አላረጀም፣ ሞልቶበት ነው። ከ32ቱ ጊጋ ሲስተሙ ራሱ ደህና አድርጎ ይወስዳል። በቀረው ላይ የአራት ዓመት ቪዲዮ፣ የእድርና የማኅበር ግሩፕ ፎቶ፣ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስል ተከምሯል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ መደቡ የሞላበትን ነጋዴ ያስቡት። አዲስ ጆንያ ሲመጣለት መጀመሪያ ያለውን ማንሳት፣ ማዛወር፣ ቦታ መጥረግ አለበት። የስልክ ስቶሬጅም እንዲሁ ነው። በአሮጌ መረጃ ላይ ዝም ብሎ አይጽፍም፤ መጀመሪያ ያንን ክፍል ማጽዳት አለበት። ባዶ ቦታ ሲያጣ ለእያንዳንዷ ነገር ያንን ሁሉ ይሠራል። ደንበኛዎ ሲደውል ስታክ የሚያደርግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቴሌግራምን ያስቀድሙ፤ በብዛት የሚሞላው እሱ ነው። «ሴቲንግ»፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ይግቡና «ክሊር ካሽ» ይበሉ። አይፍሩ፣ ፎቶዎቹ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ ሲፈልጉ እንደገና ይወርዳሉ። እዚያው «ኪፕ ሚዲያ» የሚለውን ወደ አንድ ሳምንት ዝቅ ቢያደርጉት ወደፊት ራሱ ያጸዳል። ዋትሳፕ ግን እንዲህ አይደለም! ከዋትሳፕ ያጠፉት ሁልጊዜ ተመልሶ የሚወርድ አይደለም። እዚያ በአንዴ ሁሉንም አያጥፉ። «ማኔጅ ስቶሬጅ» ውስጥ ትልልቆቹን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ እያዩ ያንሱ።

«ክሊነር»፣ «ቡስተር» የሚባሉ አፖች ካሉ ያውጧቸው። ራሳቸው ቦታ ይዘው፣ ማስታወቂያ እየለቀቁ ስልኩን የሚያደክሙ ናቸው። የማይጠቀሙባቸውን ጌሞችም ያውጡ። ቢያንስ አምስት ጊጋ ባዶ ቦታ እስኪያገኙ ይሂዱበት። ሲጨርሱ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ በጣም የምወደው ነው። «ሴቲንግ»፣ «አባውት ፎን»፣ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ይግቡና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ መታ መታ ያድርጉ። «ሴቲንግ» መጨረሻ ላይ «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚባል አዲስ ገጽ ይጨመራል። እዚያ ስማቸው «ስኬል» በሚል የሚያልቅ ሦስት የአኒሜሽን መስመሮች አሉ። ሦስቱንም 0.5 ያድርጓቸው፣ ሌላውን አይንኩ። አንድ ገጽ ከፍተው ሲዘጉ የሚያዩት እንቅስቃሴ በግማሽ ያጥራል። እጅዎ ላይ ወዲያው ይታወቅዎታል።

ቻርጀሩ ካልተደገፈ አይዝም ላሉኝ፣ ሶኬቱ ተበላሽቷል ብለው ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ውስጡን ያሳዩ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ሶኬት ይቀየርልኝ» ብላ መጣች። በማጉያ መነጽር አየሁት። ቀዳዳው ስር የቦርሳ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የመሰሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ያብረቀርቃሉ። በእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ ሳወጣው ሙሉውን፣ የቀዳዳውን ቅርጽ እንደያዘ ወጣ። ቻርጀሩ ቀጭ ብሎ ገባ። ሶኬቱ ምንም አልሆነም ነበር። እርስዎም ስልኩን አጥፍተው ይሞክሩ። መርፌ አይጠቀሙ፣ ብረት ውስጡን ይጎዳል። ውኃም አያስነኩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልፈጠነ ያኔ ሪሴት ይደረግ፤ ሁሉንም አጥፍቶ ስልኩን እንደተገዛበት ቀን መመለስ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን የጉግል አካውንትዎን ኢሜይልና ፓስወርድ ማወቅዎን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ሻጩ ራሱ ኢሜይል ይከፍትለታል፤ ፓስወርዱን ሻጩም አያስታውሰው፣ ገዢውም አያውቀው። እንዲህ ያለ ስልክ በግድ ሪሴት ሲደረግ የድሮውን አካውንት ይጠይቅና ይቆለፋል። ሌባ እንዳይጠቀምበት የተሠራ ቁልፍ ነው፣ ባለቤቱን ግን ደጅ ያስቀራል። ስልኩ እየሠራ ሳለ ልጆችዎ ፓስወርዱን ይቀይሩልዎና ደብተር ላይ ይጻፉልዎ።

ስልኩ የሴኪዩሪቲ አፕዴት መቀበል ካቆመ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴሌብርና የባንክ አፕ ካለዎት በቴሌግራም የሚላኩ የአፕ ፋይሎችን በፍጹም አይጫኑ። ከፕሌይ ስቶር ብቻ ያውርዱ።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ እዚሁ ድሬ። ስልኬን መሪው ጋ አስሬ ነው የምሠራው። ቀን ላይ ራሱ ይጠፋል፣ ባትሪውም 30 ፐርሰንት እያለ ድርግም ይላል። ጓደኛዬ «ፍሪጅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ክተተው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ አቦ፣ ፍሪጁን ተወው ወንድሜ! ትኩስ ስልክ ብርድ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ጠል ይይዛል። ያ እርጥበት ቦርዱን ይበላዋል።

ስልክ ሠሪዎች ራሳቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ተጠቀሙ ይላሉ። የድሬን ሙቀት አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ቀኑን ሙሉ ውስጡ ነህ። በዚያ ላይ ስልኩ ፀሐይ እየመታው፣ ካርታ ከፍቶ፣ ቻርጅም እየተደረገ ነው። ሦስት ሙቀት በአንዴ ማለት ነው። ራሱን የሚያጠፋው እንዳይቃጠል ነው። ሊትየም ባትሪን ደግሞ እንደ ሙቀት የሚያስረጀው ነገር የለም፤ ሞልቶ እያለ ሲሞቅ ይብሳል።

ማሰሪያውን ጥላ ወዳለበት ወደ ውስጥ አዙረው። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባጃጁ ላይ ቻርጅ አታድርግ። ከቨሩን አውልቀህ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጠውና ማታ ወይም ንጋት ላይ ቻርጅ አድርገው፤ 80 አካባቢ ሲደርስ ንቀለው። ከቻልክ 20 ሳይደርስ መልሰህ ሰካው።

30 ላይ ድርግም ማለቱ ግን ባትሪው እንደደከመ ያሳያል። ብዙ የስልክ ባትሪ 500 ያህል ሙሉ ዙር ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ የቀድሞ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በሙቀት ደግሞ ቶሎ። ባትሪ መቀየር ስልክ ከመቀየር እጅግ ይረክሳል። ርካሹን ግን አትምረጥ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በርካሽ ያመጣሁት ባትሪ በሁለት ወሩ አብጦ የደንበኛዬን ስክሪን ከውስጥ ገፍቶ አነሳው፤ ስክሪኑን ከኪሴ ከፈልኩ። የሚቀይርልህ ሰው ዋስትና ይስጥህ፣ ቀኑንም ባትሪው ላይ ይጻፍልህ።

ዛሬ ማታ ከቨሩን አውልቀህ የስልኩን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። በካሜራው ጉብታ ሳይሆን ጀርባው ራሱ ተነፍቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ክዳኑ ጠርዙ ላይ ተነስቶ ካየህ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። አጥፋው፣ ቻርጅ ላይ አትሰካው፣ በጣትህም አትጫነው። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ጠጋኝ ጋ ውሰደው።