የ10 ዓመቱ ቁጥር የየትኞቹ ልጆች ነው?

ጥያቄ፦ ልጃችን 6 ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር ሕክምና ከጀመረች 2 ዓመት ሞላት። ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ስንት ከመቶ እንደሆኑ የሚገልጽ ቁጥር ስናነብ፣ ያ ከ10 ዓመት በፊት የታከሙት ልጆች ውጤት አይደለም ወይ? ለእኛ ልጅ ምን ይነግረናል? — አንዲት እናት

መልስ፦ እህታችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በተለመደው ስሌት የ10 ዓመት ውጤት የሚታወቀው 10 ዓመት ተጠብቆ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የሚያሳየው የቀድሞውን ሕክምና ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ብሬነር ከባልደረባው ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስልት ይህን መዘግየት ያሳጥራል። የታማሚዎች ሁኔታ ከሚመዘገብበት የካንሰር መዝገብ የቅርቦቹን ዓመታት ብቻ ይወስዳል። የአንደኛውን ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል በዚያ ወቅት አንደኛ ዓመታቸው ላይ ከነበሩት፣ የአሥረኛውን ደግሞ 9 ዓመት አልፏቸው ከነበሩት ያሰላና ሁሉንም ያባዛል።

ለማሳያ ያህል፣ የ5 ዓመታቱ ዕድል በየተራ 0.92፣ 0.94፣ 0.96፣ 0.98 እና 0.99 ቢሆን ብዜቱ 0.805 ይሆናል። ልጅዎ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልፋቸዋለች፤ የሚቀሯት ሦስቱ ሲባዙ 0.93 ናቸው። ስለዚህ ሐኪሟን «በእሷ ዓይነት ሕመምና በእሷ የአደጋ ደረጃ (ሕመሙ የመመለስ ሥጋቱ መጠን) 2 ዓመት ላለፉ ልጆች ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለት ነገር ይታወቅ። አዲስ ሕክምና ሞትን የሚያዘገይ እንጂ የማያድን ከሆነ ይህ ስልት ቁጥሩን ያጋንነዋል። አምስት ዓመት መሙላትም ክትትሉን አያበቃም፤ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች ልብን የሚጎዱት ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በካንሰር መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። ከክትትል የጠፉትን ልጆች ከሞቱት ልቁጠር ወይስ ላውጣቸው?

መልስ፦ ሁለቱም ያሳስታል። 10 ልጆች እንውሰድ፦ አንዱ በ6ኛው ወር ሞተ፣ አንዱ በ10ኛው ጠፋ፣ አንዱ በ14ኛው ሞተ። ሞት በተከሰተ ቁጥር በሕይወት የመቆየትን ዕድል አስልቶ በሚያባዛው የካፕላን-ማየር ስልት የ6ኛው ወር ዕድል 9/10 ነው። የጠፋው ልጅ እስከ 10ኛው ወር ይቆጠርና ከዚያ ይወጣል። በ14ኛው ወር በክትትል ላይ የሚቀሩት 8 ስለሆኑ ዕድሉ 7/8 ነው፤ ብዜቱ 0.79 ይሆናል። የጠፋውን ከሞቱት ቢቆጥሩት ውጤቱ ወደ 0.70 ይወርድ ነበር። ጨርሶ ቢያወጡት 7/9 ወይም 0.78፣ በሕይወት አለ ብለው ቢተዉት ደግሞ 0.80 ይሆናል።

ስልቱ የሚሠራው ግን የጠፉት ልጆች ዕድል ከቀሩት ጋር ተመሳሳይ ሲሆን ብቻ ነው። ሕክምና አቋርጦ የቀረ ልጅ ከእነዚህ አይደለም። 4 ተከታታይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሕክምና የቀረውን «ያቋረጠ» ብለው ለብቻው ይመዝግቡት፤ ያቋረጡትን እንደ ጠፉ ቆጥረውና እንደ ሞቱ ቆጥረው ያገኟቸውን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያቅርቡ። በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት ካለ መጀመሪያ የሚስተካከለው ክትትሉ ነው፤ ልጁ ሲመዘገብ ከወላጁ ሌላ የሁለት ዘመዶች ስልክ ይያዝ።