ያወረዳችሁት ሲስተም ሲዲ ላይ አልነሳ ሲል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ያለ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም) ወረደ፣ ሲዲ ላይ በርን ተደረገ (ተጻፈ)፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ባዶ ሲዲ እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም። ዳታም ብር ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ብቻ እናንሳ። ከወዲሁ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሲዲውን ከመጣላችሁ በፊት ፋይሉን ጠርጥሩ።

ከሂርማታ፦ "ሊኑክስ አውርጄ ሲዲ ላይ በርን አደረግኩ። ምንም ስህተት አላሳየም። ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ግን ቀጥታ ዊንዶውስ ይከፍታል። ሲዲው ውስጥ ያወረድኩት ፋይል ብቻውን ተቀምጧል። ምን አጥፍቼ ነው?"

ወንድሜ፣ መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ። አንድ ፋይል ብቻ ከታየህ፣ ሲዲው ላይ የሄደው እንደ ተራ ፋይል ተቀድቶ ነው። ያወረድከው ፋይል አይኤስኦ ይባላል፤ የአንድ ሙሉ ሲዲ ግልባጭ ነው። ፎልደሮቹም፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ክፍልም በውስጡ በየቦታቸው አሉ። ሲዲው ላይም በዚያው አቀማመጥ መጻፍ አለበት። በትክክል ከተሠራ፣ ሲዲውን ስትከፍት ብዙ ፎልደር ታያለህ እንጂ አይኤስኦውን አታይም።

ዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ሌላ ፕሮግራም አይፈልጉም። ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርግና "በርን ዲስክ ኢሜጅ" የሚለውን ምረጥ። በሚከፈተው መስኮት ላይ፣ ከተጻፈ በኋላ ሲዲውን የሚፈትሽ ምርጫ አለ። እሱም ላይ ምልክት አድርግ። ኤክስፒ ይህ የለውም፤ ለእሱ ኢምግበርን ወይም ኢንፍራሬኮርደር ጫንበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገርህ። ኮምፒውተርህ ላይ ዊንራር የሚባለው የታሸገ ፋይል መፍቻ ፕሮግራም ካለ፣ አይኤስኦውን እንደ ታሸገ ፋይል ይወስደዋል። የፋይሉ ምልክት የመጻሕፍት ቁልል ይሆናል፣ "በርን ዲስክ ኢሜጅ" የሚለውም ሊጠፋ ይችላል። ሰው ታዲያ ፋይሉን ይፈታውና የወጡትን ፎልደሮች ሲዲ ላይ ይቀዳል። ሲከፍተው ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። የሚያስነሳው ክፍል ግን ቦታውን አልያዘምና አይነሳም። ዊንዶውስ 10 ላይ ደብል ክሊክ አድርጎ፣ የተከፈተውን ኮፒ የሚያደርግም እዚያው ችግር ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ "ኦፕን ዊዝ"፣ ከዚያ "ዊንዶውስ ዲስክ ኢሜጅ በርነር"።

ከአጋሮ፣ አንድ መምህር፦ "ለትምህርት ቤታችን አሮጌ ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ካፌ ሲስተም አውርጄ ነበር። ሲዲው ይነሳል፤ መጫን ከጀመረ በኋላ ግን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ መሀል ላይ ይቆማል። ሌላ ሲዲ ቀየርኩ፣ ያው ነው።"

መምህር፣ በመጀመሪያ ለተማሪዎቹ ብለው ስለሚደክሙት ድካም አመሰግናለሁ። ሲዲ ቀይረው ችግሩ እዚያው ቦታ ላይ ከተደገመ፣ እኔ የምጠረጥረው ያወረዱትን ፋይል ነው። ካፌ ውስጥ ኔትወርክ ቆረጥ ቀጠል ሲል፣ ፋይሉ ሳይሞላ "ጨርሷል" ሊባል ይችላል። ሞልቶም ውስጡ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ኤስኤችኤ-256 የሚባለው የፋይሉ አሻራ ነው። ሲስተሙን ያወረዱበት ገጽ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ተጽፎ ያገኛሉ። ኮምፒውተርዎ ላይ ሰቨን-ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ካለ፣ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርገው ኤስኤችኤ-256ን ይምረጡ። የሚወጣውን ከገጹ ጋር ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ በርን አያድርጉት፤ ሲዲዎ ይተርፋል።

ፋይሉ ተበላሽቶ ከተገኘ ግን አይሰርዙት! ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች በቶረንት፣ ማለትም ፋይሉን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ በሚያወርድ መንገድም ይገኛሉ። የዚያኑ እትም ቶረንት ይክፈቱ፣ የተበላሸውን ፋይል ማውረጃው ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም ያስቀምጡ፣ ከዚያ "ሪቼክ" ያድርጉ። ቶረንት ፋይሉን በትንንሽ ቁራጭ እየፈተሸ፣ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ እንደገና ያወርዳል። ሙሉውን ከመድገም ያድናል። ካፌ ውስጥ በሰዓት ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ የመጻፊያውን ፍጥነት ዝቅ ያድርጉ፤ 8 ወይም 16 ይበቃል። የሲዲ ማንበቢያው ያረጀ ከሆነ ደግሞ በፍጥነት የተጻፈ ሲዲ ያስቸግረዋል። ያንኑ ሲዲ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። እዚያ ካለፈ ጥፋቱ የማንበቢያው ነው።

ከጂረን፦ "ኡቡንቱ ሲዲው አይበቃውም ይለኛል። የድሮው ኡቡንቱ ሲዲ ላይ ይገባ አልነበር?"

ይገባ ነበር፣ እህቴ። ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ነው። እስከ 12.04 እትም ድረስ ኡቡንቱ በዚያ መጠን ይሠራ ነበር። በጥቅምት 2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው 12.10 ግን ከሲዲ አለፈ። አሁን ያለው ዴስክቶፕ ደግሞ 4.7 ጊጋ ከሚይዘው ተራ ዲቪዲም ይበልጣል። ስለዚህ 8 ጊጋ ፍላሽ ያዢና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ጻፊበት። ሩፈስ ፍላሹን ሙልጭ አድርጎ ስለሚያጠፋው፣ ውስጡ ያለውን አስቀድመሽ አውጪ። ሲዲ ብቻ የሚያነብ አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ ያለሽ፣ ፓፒ ሊኑክስን ሞክሪ። ከ700 ሜጋ በታች የሆኑ እትሞች አሉት፤ ራም ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራም ያረጀ ማሽን ይችለዋል። ድሮ ሲዲ ላይ ይገባ ነበር ብለሽ ግን 12.04ን አትጫኚ። የደህንነት ማሻሻያው ካቆመ ቆይቷል።

ከመንደራ፦ "በርን እያደረግኩ 60 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ። ከዚያው መቀጠል ይቻላል?"

አይቻልም። ሲዲ-አር፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ ከሆነ አለቀለት። ሲዲ-አርደብልዩ ከሆነ አጥፍተህ ደግመህ ጻፍበት። የጅማ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና፣ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ተዋስና በእሱ በርን አድርግ።

ከቂጦ ፉርዲሳ፣ ተማሪ፦ "ሲዲዬ የጓደኛዬ ማሽን ላይ ይነሳል፣ የእኔ ላይ እንቢ አለ።"

ሲዲህ ደህና ነው ማለት ነው። ማሽንህ መጀመሪያ የሚያየው ሃርድ ዲስኩን ይሆናል። ልክ ሲበራ የቡት ሜኑውን፣ ማለትም ማሽኑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር ክፈት። ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ9 ነው። እዚያ ሲዲውን ምረጥ። የዊንዶውስ ሲዲ ከሆነ ደግሞ "ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን" የሚለው ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ እንዳያመልጥህ። ያወረድከው 64 ቢት ሆኖ ማሽንህ 32 ቢት ከሆነም አይሄድም። ሲዲ-አርደብልዩ ተጠቅመህ ከሆነ፣ አንዳንድ አሮጌ ማንበቢያዎች እሱን አያነቡም፤ በተራው ሲዲ-አር ድገመው።

ከፈረንጅ አራዳ፣ እናት፦ "ልጄ አዲስ ሲስተም ልጫንበት ይላል። የባለቤቴ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ይጠፉብኛል?"

እናቴ፣ ፎርማት ከተደረገ ይጠፋሉ። ልጅዎ ፎቶዎቹን ፍላሽ ላይም፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ይቅዳ። ሁለቱም ቦታ ከፍቶ ያሳይዎ። ሊኑክስ ከሆነ የሚጭነው፣ ብዙዎቹ ሳይጫኑ ከሲዲው ወይም ከፍላሹ ላይ መሞከር ይችላሉ፤ "ትራይ" የሚለውን ይምረጥና ይየው። ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ ግን "ጫን" እንዳይሉት።